ለጆሮ የተጻፈ ተረት፦ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሕይወትና ሥራ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

 

እስቲ አንድ ሳሎን በዓይነ ልቦናችሁ ሳሉ። አንድ ረጅምና ቀጭን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጆቹ ረጃጅም ናቸው፤ አፍንጫውም ትልቅ ነው። በአንድ እጁ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ይዟል፣ በሌላው ትልቅ መቀስ። ፊት ለፊቱ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ትልልቆቹም ወሬያቸውን ትተው ጆሯቸውን ሰጥተውታል። ሰውየው ተረት እያወራ ወረቀቱን ይቆርጣል። ቁርጥራጩ ምንጣፉ ላይ ይረግፋል። ምን እየሠራ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እሱም አይናገርም። ተረቱ አልቆ መቀሱን ሲያስቀምጥ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ውስጡ ዳንሰኞች ቆመዋል፣ ዛፎች በቅለዋል፣ ቤተ መንግሥት ከነመስኮቱ ይታያል። እንደዚህ የተቆረጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ።

ይህ ሰው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ነው። አገሩ ዴንማርክ። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ እንኳ ሥራውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ራቁቱን በአደባባይ ስለተሰለፈው ንጉሥ፣ ዳክዬዎች መሐል ተፈልፍሎ ሲገፋ ስለኖረው አስቀያሚ ጫጩት፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ በብርድ ክብሪት ይዛ ስለምትዞረው ልጅ የሰማ ሰው አንደርሰንን ሰምቷል። እኔ ራሴ የራቁቱን ንጉሥ ታሪክ በልጅነቴ ስሰማ ደራሲ ያለው አይመስለኝም ነበር። እንደ ጦጣና አንበሳው ተረት ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ መስሎኝ ነበር። ለአንድ ደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ክብር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዛሬ የሰውየውን ሕይወት ከእናቱ ወንዝ ዳር እስከ ሐውልቱ እንከተላለን። የምንከተልበትም ክር አንድ ነው፤ አንደርሰን ሲጽፍ በጆሮው ነበር የሚጽፈው። ተረቶቹ ጮክ ተብለው እንዲነበቡ፣ አንዱ እንዲያወራቸው ሌላው እንዲያዳምጣቸው የተሠሩ ናቸው። ለዚህ ነው ስለ እሱ በሬዲዮ ማውራት ደስ የሚለኝ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ግን ከወዲሁ ላሳውቃችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አንደርሰን የተወለደው በ1805፣ ሚያዝያ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ኦዴንሴ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ጫማ ሰሪ ነበር፤ ያውም ድሃ ጫማ ሰሪ። ቤታቸው አንዲት ክፍል ነበረች። የጫማ መሥሪያው መደብ፣ አልጋውና ልጁ የሚተኛበት ሁሉ እዚያችው ላይ ተጣቧል። አባትየው ግን መጽሐፍ የሚወድ ሰው ነበር። ማታ ማታ «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን እና የዴንማርክን የቲያትር ደራሲ የሆልበርግን ሥራዎች ለልጁ ያነብለታል። የአሻንጉሊት ቲያትርም ሠርቶለት ነበር። በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ወታደርነት ተቀጥሮ ሄደ፤ ታሞ ተመለሰ፤ በ1816 ሞተ። ልጁ 11 ዓመቱ ነበር።

የዚህ ቤተሰብ ችግር አያቱም ዘንድ አለ። የአባቱ አባት አእምሮው የታወከ ሽማግሌ ነበር። ከእንጨት እንግዳ እንግዳ ቅርጾች እየጠረበ ይዞራል፤ የሰፈር ልጆች ከኋላው እየተከተሉ ይጮሁበታል። ትንሹ ሃንስ ይህን ሲያይ ደረጃ ሥር ይደበቅ ነበር። የሥጋ ዘመዱ መሆኑን ያውቃልና።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉ የምወደውን ነው። ሴት አያቱ በከተማው የድሆችና የአእምሮ ሕሙማን ማኖሪያ የአትክልት ቦታ ትንከባከብ ነበር፤ ልጁም ይከተላታል። እዚያ ግቢ ውስጥ አሮጊቶች ተቀምጠው የሚፈትሉበት ክፍል አለ። ልጁ ገብቶ ይቀመጥና በጠመኔ በሩ ላይ ሥዕል ይሥላል። ምን ቢሥል ጥሩ ነው? የሰው አንጀት፣ ሳንባና ልብ! ስለ ሰው ሆድ ዕቃ የሆነ ነገር ሰምቶ ኖሮ፣ እንደ ሐኪም እያስረዳ ሥዕሉን ለአሮጊቶቹ ያብራራላቸዋል። እነሱም ተገርመው እንዲህ ያለ ብልህ ልጅ ዕድሜ አይኖረውም ይላሉ። ከዚያ ውለታውን ይመልሱለታል፤ በምን? በተረት። ክሩ እየተፈተለ፣ እጅ ሳይቦዝን፣ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትቀጥላለች። ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሰማው ነገር ተሸብሮ ጨለማውን መሻገር ያቅተው እንደነበር ጽፏል።

አያቱ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጦ ያደገ አድማጭ ካለ ይህን ነገር ለማስረዳት አልደክምም። እንዝርቱ ሲሽከረከር የሚሰማውን ድምፅ ያውቀዋል። ተረት የሚነገርበት ቋንቋ እንዴት እንደሆነም ያውቃል፤ አጭር ነው፣ ቶሎ ነገሩ ውስጥ ይገባል፣ «ታዲያልህ» ይላል፣ «ኋላ ምን ሆነ መሰለህ» ይላል፣ አድማጩን ዓይን ዓይኑን ያያል። ያ ቋንቋ አንደርሰን ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቀረ። መጽሐፍ ውስጥ እስኪገባ ግን ገና 20 ዓመት ይቀረዋል።

እናቱ አን ማሪ ልብስ አጣቢ ነበረች። በዚያ ዘመን በኦዴንሴ ልብስ የሚታጠበው ወንዝ ውስጥ ቆሞ ነው። የሰሜን አውሮፓ ወንዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ እስከ ጉልበት ድረስ በዚያ በረዶ ውኃ ገብቶ ለሰዓታት መቆም። ብርዱን የምትቋቋመው አረቄ እየተጎነጨች ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ሌላ ባል አገባች፤ ድህነቱ ግን አልለቀቃትም፤ መጠጡም አብሯት አረጀ። በ1833 በከተማው የድሆች ማኖሪያ ሞተች። ልጇ መርዶውን የሰማው ሮም ከተማ ሆኖ ነው። የእናቱን ነገር ይዛችሁ ቆዩኝ፤ እንመለስበታለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በ1819፣ በመስከረም ወር፣ የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ብቻውን ወደ ዋና ከተማው ወደ ኮፐንሃገን ሄደ። እናቱ ጠንቋይ አስጠይቃለት ነበር። ሴትየዋም ይህ ልጅ ታላቅ ሰው ይሆናል፣ አንድ ቀን ኦዴንሴ ከተማ ለእሱ ክብር መብራት ታበራለች አለች። እናት አለቀሰችና ለቀቀችው።

ኮፐንሃገን እንደገባ አንዲት የታወቀች የባሌ ዳንሰኛ ቤት ሄዶ በሩን አንኳኳ። ችሎታዬን ላሳይሽ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ባርኔጣውን እንደ ከበሮ እየመታ ሳሎኗ መሐል ይጨፍር ይዘፍን ጀመር። ሴትየዋ እብድ መሰላት። ዘፋኝ ልሁን አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ዳንሰኛ ልሁን አለ፤ አልሆነም። ተውኔት ጽፎ አቀረበ፤ ፊደል እንኳ በቅጡ አልቆጠረም ተብሎ ተመለሰለት። ሦስት ዓመት በረሃብና በሰው ደግነት ኖረ።

በመጨረሻ ያነሳው ከሮያል ቲያትር አስተዳዳሪዎች አንዱ የነበረው ዮናስ ኮሊን ነው። ይህ ሰው ልጁ ውስጥ አንድ ነገር አየ። ከንጉሡ የትምህርት ገንዘብ አስፈቀደለትና በ1822 ስላገልሰ ወደምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ላከው። አንደርሰን 17 ዓመቱ ነው፤ የክፍል ጓደኞቹ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ናቸው። ያ ቁመት ይዞ፣ ጉልበቱ ከዴስኩ በላይ ወጥቶ፣ ከሕፃናት ጋር ላቲን ሲቆጥር አስቡት። ርዕሰ መምህሩ ሲሞን ማይስሊንግ በተማሪዎች ፊት ያሾፍበት ነበር፤ ግጥም መጻፍም ከለከለው። መምህሩ ሄልሲንገር ወደምትባለው ከተማ ሲዛወር አንደርሰንም አብሮ ሄደ፤ ኑሮው ባሰ። በ1827 ኮሊን ነገሩን ሰምቶ አስወጣው። አንደርሰን ካረጀ በኋላ፣ በዓለም ከታወቀ በኋላ እንኳ፣ የማይስሊንግን ሕልም እያየ በላብ ይነቃ እንደነበር ከማስታወሻዎቹ እንረዳለን።

እዚህ ላይ ስለ አስቀያሚው ጫጩት አንድ ነገር ልበል። ይህ ተረት የወጣው በ1843 ነው፤ አንደርሰንም የራሱ ሕይወት መሆኑን አልሸሸገም። ብዙ ሰው መጨረሻውን ብቻ ያስታውሳል፤ ጫጩቱ አድጎ ስዋን የተባለችውን ነጭ ባለ ረጅም አንገት ወፍ ይሆናል። እኔ የምወደው መሐሉን ነው። ጫጩቱ ከኃይለኛ ነፋስ ሸሽቶ አንዲት አሮጊት ጎጆ ይገባል። እዚያ አንድ ድመትና አንዲት ዶሮ አሉ። ዶሮዋ እንቁላል መጣል ትችላለህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ድመቱ ደግሞ ጀርባህን ማጉበጥ፣ ማንኮራፋት ትችላለህ ወይ ይለዋል። አይችልም። እንግዲያውስ አስተያየት መስጠት አትችልም፣ ዝም በል ይባላል። ጫጩቱ ግን ውኃ ላይ መንሳፈፍ ያምረዋል፤ ይህን ሲናገር እንደ እብድ ያዩታል። ያች ጎጆ የስላገልሰ ክፍል ናት ብዬ አምናለሁ። መምህራን የሆናችሁ አድማጮች፣ ለተማሪዎቻችሁ ይህን ተረት ስታነቡ ጎጆዋን አትዝለሉብኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ 1835 እንሂድ። በዚያ ዓመት አንደርሰን ሁለት ነገር አሳተመ። አንደኛው በጣሊያን አገር ሕይወት ላይ የጻፈው «ኢምፕሮቪዛቶሬ» የተባለ ልብ ወለድ ነው፤ ስሙን ያስነሣለት እሱ ነው። ሁለተኛው በግንቦት ወር በ8ኛው ቀን የወጣች፣ 61 ገጽ ብቻ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ናት። ርዕሷ «ለልጆች የተነገሩ ተረቶች» ይላል። «የተነገሩ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ውስጧ አራት ተረቶች አሉ።

የኤሌክትሪክ ጅረት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ በ1820 ያገኘው ታላቁ ሳይንቲስት ኧርስትድ የአንደርሰን ወዳጅ ነበር። ልብ ወለዱ ዝነኛ ያደርግሃል፣ ተረቶቹ ግን የማትሞት ያደርጉሃል አለው። አንደርሰን በዚያን ጊዜ አላመነውም።

ሃያሲዎቹም አላመኑም። እንዲያውም ተቆጡ። አንደኛ፣ ተረቶቹ ምግባር አያስተምሩም አሉ። በአንዱ ተረት አንድ ወታደር የአንዲት ጠንቋይ አንገት ቆርጦ በመጨረሻ ይነግሣል፤ ይህ ለልጅ ምን ትምህርት ነው? ሁለተኛ፣ ቋንቋው እንደ አፍ ወሬ ነው አሉ። መጽሐፍ እንዲህ አይጻፍም፤ ሥርዓት ባለው አረፍተ ነገር ነው የሚጻፈው። አንደኛው ሃያሲ ደራሲው ጊዜውን በተረት እንዳያባክን መከረው።

ነገሩ እንዲገባን ወደ ራሳችን እናምጣው። በወፍራም የመጽሐፍ አማርኛ፣ ግእዝ ጣል ጣል እየተደረገበት በሚጻፍበት ዘመን አንድ ሰው ተነሥቶ ልክ አያት ከምድጃ ዳር እንደምታወራው አድርጎ ቢያሳትም ምን ይባላል? አልተማረም ይባላል። አንደርሰንን ያሉት ይህንኑ ነው፤ የጫማ ሰሪ ልጅ መሆኑንም የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

እሱ ግን አውቆ ነው ያደረገው። የወታደሩን ተረት ሲጀምር ሰውየው መንገድ ላይ ነው፤ የእርምጃው ምት ከመጀመሪያው መሥመር ይሰማል። በአልጋዋ ላይ 20 ፍራሽ ተነጥፎ፣ በላዩ 20 የላባ ምንጣፍ ተደርቦ፣ ከሥሩ የተቀመጠች አንዲት የአተር ፍሬ ስትቆረቁራት ስላደረችው ልዕልት የሚያወራው ተረት ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። በመጨረሻ አተሯ ሙዚየም ገብታለች፣ ሰው ካልሰረቃት እዚያው ትገኛለች ብሎ ይዘጋል። ይህ የጸሐፊ ድምፅ አይደለም፤ ፊታችሁ ተቀምጦ ዓይናችሁን እያየ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። አሮጊቶቹ ፈታዮች በመጨረሻ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

በ1843 ከርዕሱ ላይ «ለልጆች» የሚለውን ቃል አወጣው፤ «አዲስ ተረቶች» ብቻ አለ። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እንዳስረዳው፣ ለትልቅ ሰው የሚሆን አሳብ ይይዝና ለትንንሾቹ ያወራዋል፤ አባትና እናት አጠገብ ሆነው እንደሚያዳምጡ ግን አይረሳም፤ ለእነሱም የሚያስቡት ነገር መስጠት አለበት። እንግዲህ አንድ ተረት፣ ሁለት ጆሮ። ልጁ በሚስቅበት ቦታ እናቱ ዝም ትላለች፤ ልጁ ዝም ባለበት እናቱ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

በሌላ ቋንቋ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የጠፋው ይህ ድምፅ ነው። ተርጓሚዎች አፍ ወሬውን «አረሙት»፣ ሥርዓት አስያዙት። አንዳንዶቹ መጨረሻ ላይ ምክር ለጠፉበት። ይህ ያሳዝነኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አንድ ደብዳቤ ልውሰዳችሁ። በዴንማርክ ቋንቋም እንደ አማርኛችን «አንተ» እና «እርስዎ» አለ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ በማብራሪያ ነው የሚረዳው፤ እኛ ግን ቶሎ ይገባናል።

ዘመኑ 1831 ነው። አንደርሰን 26 ዓመቱ ነው፤ ወደ ጀርመን ሄዷል። ከዚያ ሆኖ ለኤድቫርድ ኮሊን ይጽፋል። ኤድቫርድ የዚያ ደግ ሰው የዮናስ ኮሊን ልጅ ነው። አንደርሰን በቤታቸው እንደ ልጅ ገብቶ ይወጣል፤ እንደ ወንድም ይቆጥራቸዋል። በደብዳቤው የለመነው አንድ ነገር ነው፤ እባክህ፣ ከእንግዲህ «አንተ» በለኝ፣ እኔም «አንተ» ልበልህ።

ኤድቫርድ እምቢ አለ። አልሰደበውም፤ በጨዋ ቃል፣ ረጅም ማብራሪያ ጽፎ፣ አንዳንድ ሰው ያለ ምክንያት አንድን ነገር እንደማይወድ ሁሉ እኔም ይህን አልወድም አለው። አንደርሰን ቀጥ አድርጎ «እርስዎ» ማለቱን ቀጠለ። እስከ ሽምግልናቸው «እርስዎ» ተባባሉ።

በአማርኛ «እርስዎ» አክብሮት ነው። ግን በሩ ሲዘጋ የሚሰማውም ድምፅ አንዳንዴ እሱ መሆኑን ማን ያጣዋል? ቤታችን ግባ፣ ማዕዳችን ላይ ተቀመጥ፤ እኛን ግን አትሆንም።

በ1847 አንደርሰን «ጥላው» የተባለውን ተረት አሳተመ። አንድ ምሁር ጥላው ጥሎት ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ጥላው ባለጸጋ ሆኖ፣ አምሮ ለብሶ ይመጣል። ቀስ በቀስ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ጌታው የጥላው ጥላ ይሆናል። ምሁሩ እንግዲህ አብረን የምንጓዝ ሰዎች ነን፣ «አንተ» እንባባል ይለዋል። ጥላውም እምቢ ይላል፤ አንተ እንዲህ ብትለኝ መሬት ላይ የተጫንኩ ይመስለኛል፣ እኔ ግን «አንተ» እልሃለሁ ይለዋል። በመጨረሻ ጥላው የንጉሥ ልጅ ያገባል፤ ምሁሩ ይገደላል። ከ1831ዱ ደብዳቤ 16 ዓመት አልፏል፤ ቁስሉ ግን አልሻረም።

ልብ በሉ፣ ይኸው ኤድቫርድ ኮሊን የአንደርሰን የዕድሜ ልክ ረዳትም ነበር። የእጅ ጽሑፉን የሚያርምለት፣ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚጨርስለት እሱ ነበር። በ1837 በመጋቢት መጨረሻ «የንጉሡ አዲስ ልብስ» ለእርማት ወጥቶ በእጁ ላይ ሳለ ከአንደርሰን መልእክት ደረሰው፤ የመጨረሻውን አንቀጽ ልለውጠው የሚል። መጽሐፉ ሊወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ነበር የቀረው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሁለት አጭበርባሪዎች ለሥራው የማይበቃ ወይም ደንቆሮ የሆነ ሰው ሊያየው የማይችለው ልብስ እንሸምናለን ይላሉ። ባዶ ሽመና ላይ ተቀምጠው ይሸምናሉ። ባለሥልጣናቱ መጥተው ያያሉ፤ ምንም አይታያቸውም፤ ግሩም ነው ይላሉ። ንጉሡም ግሩም ነው ይላል። በመጀመሪያው ረቂቅ ተረቱ እዚያው ያልቃል፤ ንጉሡ ራቁቱን ይሰለፋል፣ ሕዝቡ ያደንቃል፣ ንጉሡም ይህን ልብስ በየሥርዓቱ እለብሳለሁ ይላል። ሕፃኑ የለም! ዓለም የሚያውቀው ያ ሕፃን በመጨረሻው ሰዓት ነው የገባው።

አንደርሰን ጭብጡን የወሰደው ከስፔን ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ዶን ሁዋን ማኑኤል የተባለ መስፍን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ልብሱ የማይታየው የአባቱ ልጅ ላልሆነ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ርስቱን እንዳያጣ አየሁ ይላል። እውነቱን የሚናገረው ደግሞ ማን መሰላችሁ? የንጉሡን ፈረስ የሚጠብቅ አንድ ጥቁር ሰው ነው። የሚያጣው ነገር የለውምና የማንም ልጅ ብባል ግድ የለኝም፣ ራቁትህን ነህ ይለዋል። አንደርሰን በዚያ ሰው ቦታ ሕፃን አስገባ። ጥቁሩ ሰው የሚያጣው የለውም፤ ሕፃኑ የሚያጣው እንዳለው ገና አልገባውም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ሳስባቸው የስፔኑ ሰውዬ ልቤን ይዞ ይቀራል፤ የአንደርሰኑ ሕፃን ግን ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።

ከዚያም በኋላ አንደርሰን ንጉሡን አያሳፍረውም። ሕዝቡ ሁሉ ሕፃኑን ተቀብሎ ቢጮኽም ንጉሡ ሰልፉን አያቋርጥም፤ ይበልጥ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል፤ አሽከሮቹም የሌለውን የልብስ ጫፍ ከኋላ ተሸክመው ይከተላሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ እናቱ እንመለስ ብያችሁ ነበር።

አንደርሰን ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። አንድ ልጅ ጠርሙስ ይዞ ወደ ወንዙ ይሮጣል፤ ልብስ ለምታጥበው እናቱ አረቄ እያደረሰላት ነው። አንዲት ጨካኝነቷ የታወቀ ሴት አይታ ያች ሴት ለምንም አትረባም አለች። የአንደርሰን እናት ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። ሰው እንዴት ክፉ ይፈርዳል አለች፤ ያች ምስኪን ከማለዳ ጀምሮ በብርድ ውኃ ቆማ ትሠራለች፣ ትኩስ ነገር ከቀመሰች ቀናት አልፈዋል፣ የሚያቆማት አንድ ነገር ያስፈልጋታል፤ ልክ ነው አላልኩም፣ ግን ሌላ ምን አላት?

እናቱ የተናገረችው ስለ ጎረቤት ነው። በኋላ ግን ራሷም በዚያው ወንዝ ያንኑ ጠርሙስ ይዛ አረጀች፤ ልጇም ያንን ቃል ወደ 40 ዓመት ያህል ተሸክሞ ዞረ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ «ለምንም የማትረባ» የተባለውን ተረት ጻፈ። በተረቱ አንድ ባለሥልጣን በመስኮት ቆሞ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ልጁን ያስቆመዋል፤ ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው፣ እናትህ ለምንም አትረባም ይለዋል። ልጁ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይሄዳል። ያ የባለሥልጣኑ ንጹሕ ሸሚዝ በማን እጅ እንደታጠበ አንደርሰን አይነግረንም። ሸሚዙን ብቻ አሳይቶን ያልፋል።

ክብሪት ሻጯ ልጅም ከዚያው ቤት የወጣች ናት። እናቱ ልጅ ሳለች ለልመና ትላክ ነበር። ስታፍር ድልድይ ሥር ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ትውል ነበር፤ ባዶ እጇን መመለስም ትፈራለች። በ1845 አንድ የቀን መቁጠሪያ አሳታሚ ሥዕሎች ልኮ ከአንዱ ተነሥተህ ተረት ጻፍልኝ አለው። ከሥዕሎቹ አንዱ ክብሪት የያዘች ድሃ ልጅ ነበረች። ሌሎቹን ወዲያ አላቸው። ጽሑፉን የጻፈው በአንድ መስፍን ቤተ መንግሥት፣ በእንግድነት፣ በሞቀ ክፍል ተቀምጦ ነው። ድልድዩ ግን ከእሱ አልራቀም።

አንደርሰን በጠቅላላ 156 ያህል ተረቶች ጽፏል። ልብ ወለድ፣ ተውኔት፣ ግጥም፣ የጉዞ ማስታወሻም አለው። ወደ 30 ጊዜ ከአገሩ ወጥቶ ተጉዟል፤ እሳት ቢነሣ በመስኮት ልውረድ ብሎ ሻንጣው ውስጥ ገመድ ይዞ ይዞር ነበር። ትዳር አልያዘም። የራሱ ቤት ሳይኖረው በኪራይ ክፍል፣ በሆቴልና በወዳጅ ቤት ኖረ።

በ1867፣ በታኅሣሥ ወር በ6ኛው ቀን፣ ኦዴንሴ ከተማ የክብር ዜጋ አደረገችው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ማታ ከተማው በመብራት አጌጠ፤ ሕዝቡ ችቦ ይዞ ወጣ። የጠንቋይዋ ቃል ደረሰ። እሱ ግን በዚያን ዕለት ኃይለኛ የጥርስ ሕመም ይዞት ነበር። በመስኮቱ ቆሞ ችቦውን ሲያይ ቀዝቃዛው ነፋስ ጥርሱን እየወጋው፣ የዝማሬው ስንኝ እስኪያልቅ በልቡ ይቆጥር ነበር። ይህንን ያወራልን ራሱ ነው፤ ክብሩንም ሕመሙንም እኩል አድርጎ። ልብስ አጣቢዋ አን ማሪ ያንን ምሽት አላየችውም፤ ከሞተች 34 ዓመት ሆኗታል።

በሕይወቱ መጨረሻ በኮፐንሃገን የንጉሥ የአትክልት ቦታ ሐውልት ይቁምለት ተባለ። ቀራጺው ነሐሱን ከማፍሰሱ በፊት ንድፉን አሳየው፤ አንደርሰን መሐል ተቀምጧል፣ ልጆች ከበውት፣ አንዱ ትከሻው ላይ ተደግፎ። ሽማግሌው ተቆጣ። ከኋላዬ ሰው እየተደገፈኝ በሕይወቴ አንብቤ አላውቅም አለ። ተረቶቼ ለልጆች የሆኑትን ያህል ለትልልቆችም ናቸው፤ ልጆች የሚሰሙት ላይ ላዩን ነው፣ ሰው የሚረዳኝ ካደገ በኋላ ነው አለ።

በ1875፣ ነሐሴ ወር በገባ በአራተኛው ቀን፣ በወዳጆቹ በሜልኪዮር ቤተሰብ ቤት በ70 ዓመቱ ዐረፈ። ሐውልቱ በ1880 ተመረቀ። ዛሬም እዚያው አለ፤ መጽሐፍ በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን እጁን ሲያወራ እንደነበረው ዘርግቶ ተቀምጧል። ልጆቹ ተነሥተዋል። ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ መጥቶ የሚቀመጥ ሁሉ ይቀመጥበታል።

የልደቱ ቀን፣ በአውሮፓውያን ሚያዝያ 2፣ ከ1967 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን ሆኖ ይከበራል።

አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጊዜያችን እዚህ ላይ አበቃ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኛለን። ሬዲዮኑን ዘግታችሁ ልጆቻችሁን ልታስተኙ ከሆነ የአተሯን ልዕልት ዛሬ ማታ አውሩላቸው፤ አምስት ደቂቃ አትፈጅም። መልካም ምሽት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)